118 ኪሎ ሆኜ የብረት ሳይክል እንዴት እንደምመርጥና ሳትሰበር እንደማቆያት

ሰው እኔን ሳይክል ላይ ሲያየኝ የሚያዝነው ለሳይክሏ ነው። 118 ኪሎ ነኝ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ84፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስራ የምመላለሰው በብረት ሳይክል ነው፣ መንገድ ላይ ህፃናት ሳይቀሩ "ትሰበርብሃለች!" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው ሰብሬ አውቃለሁ። አንድ ፍሬም ሰብሬያለሁ፣ የኋላ አክስል ደግሞ ስንት እንዳጣመምኩ መቁጠር ትቻለሁ። አሁን ያለችኝ ግን አምስተኛ አመቷን ይዛለች፣ ፍሬሟ ወይ ፍንክች፣ እና "እኔም ከበድ እላለሁ የትኛውን ልግዛ" እያሉ ለሚደውሉልኝ ሁሉ አንድ ባንድ ከማስረዳ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል። ቀለል የምትሉ ሰዎች ግማሹ አይመለከታችሁም፣ ዝም ብላችሁ ንዱ።

መጀመሪያ ለምን ብረት? እውነት ለመናገር አሉሚኒየምም በደንብ ከተሰራ ይሸከመናል፣ ወፍራም ሰው ብረት ካልሆነ አይነዳም የሚል ካጋጠማችሁ አትስሙት። የኔ ምክንያት ሌላ ነው። ሽቦ ወስደህ ወዲያና ወዲህ ብታጣጥፈው መጨረሻ ላይ ቀጭ ይላል አይደል? ደከመ ማለት እሱ ነው። ብረት ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፣ መተጣጠፉ ከተወሰነ ልክ ካላለፈ ሚሊዮን ጊዜ ብትረግጠውም አይደክምም። አሉሚኒየም እንደዛ አይነት ልክ የለውም፣ ትንሽ ትንሹም እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ ለዛ ነው የአሉሚኒየም ፍሬም ሰፋፊ ቱቦ ተደርጎ የሚሰራው፣ ጭራሽ ብዙ እንዳይተጣጠፍ። ሁለተኛ፣ ብረት ከመበጠሱ በፊት ብዙ ጊዜ ይናገራል፣ ይጮሃል፣ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ሶስተኛ፣ እዚህ አገር ብረት የሚበይድ ሰው በየሰፈሩ አለ (ይሄ ሶስተኛው በረከትም መርገምም ነው፣ እመለስበታለሁ)። ልብ በሉ ግን፣ ዝገት የበላው ቦታ ወይም ክፉ ብየዳ ካለ ያ "አይደክምም" ያልኩት ነገር ተሰረዘ ማለት ነው።

ብረት ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ርካሹ ሃይ ቴን የሚባለው ነው፣ ርካሽ የሆነ ሳይክል ላይ የምታገኙት እሱን ነው፣ ደካማ ስለሆነ ቱቦውን ወፍራም አድርገው ያካክሱታል። ከፍ ያለው ክሮሞሊ ነው፣ ብዙ ጊዜ 4130 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል፣ ውስጡ 1 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 0.2 በመቶ አካባቢ ሞሊብዲነም ነው ያለው፣ ሲታይ ምንም አይመስልም ግን ያቺ ቅመም ጥንካሬውን ስለምትጨምረው ቱቦውን ማሳሳት ይቻላል። የቆዩ የእንግሊዝ ሳይክሎች ላይ ሬይኖልድስ 531 የሚል ተለጥፎ ካያችሁ እሱ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የሚታወቅ የማንጋኒዝና የሞሊብዲነም ብረት ነው፣ የጣሊያን ኮሎምበስ እና የጃፓን ታንጌም በዛ ሰፈር ያሉ ናቸው። እነዚህ ጥሩ የሚባሉት ቱቦዎች ጫፍና ጫፋቸው ወፈር መሃላቸው ሳሳ ያለ ነው፣ ለምሳሌ ጫፉ 0.9 ሚሊ መሃሉ 0.6 ሚሊ፣ ምክንያቱም ጭንቁ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው፣ መሃል ላይ ብረት ማብዛት ትርፉ ሸክም ነው። ጣቴን አጥፌ የቱቦውን መሃል ከዛ ወደ ጫፉ ኳ ኳ አደርገዋለሁ፣ መሃሉ ሳሳ ካለ ድምጹ ይለያያል፣ ገበያ ላይ ስሰራው ያየኝ ሁሉ ሀብሀብ የምገዛ ይመስለዋል።

ስቲከር ላይ ግን ተጠንቀቁ። "ክሮሞሊ" የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትደሰቱ፣ አንዳንዱ ስር በደቃቅ ጽሁፍ "ሶስቱ ዋና ቱቦዎች" ይላል፣ ይሄ ማለት ከፊት ያለው ሶስት ማዕዘን ብቻ ክሮሞሊ ነው፣ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) እና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ሃይ ቴን ናቸው ማለት ነው። እኛን ደግሞ የሚያስጨንቀን የኋላው ነው!

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ጥንካሬ ሌላ ነው ግትርነት ሌላ ነው። ክሮሞሊ ከመበጠስ አንጻር ይበልጣል እንጂ ከመተጣጠፍ አንጻር ከሃይ ቴን አይለይም፣ ሁለቱም በአንድ አይነት ስፋትና ውፍረት ከተሰሩ እኩል ነው የሚወዛወዙት። ዳገት ላይ ቆመህ ስትረግጥ ፍሬሙ እንደ እባብ የሚጠማዘዝብህ ከሆነ መፍትሄው የተሻለ ብረት አይደለም፣ ሰፋ ያለ ቱቦ ነው። የድሮው ልክ ከመሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ ወርዱ 28.6 ሚሊ ነበር፣ በኋላ የመጣው ደግሞ 31.8። ሶስት ሚሊ ምን ያመጣል ትላላችሁ፣ ግትርነቱ የሚያድገው በወርዱ ኩብ ነው፣ ስለዚህ በዛው ውፍረት ከሲሶ በላይ ይጨምራል። እኔ ሰፊ ሰው ነኝ ሰፊ ቱቦ እፈልጋለሁ፣ በቃ።

ስቲከሩ ተልጦ ከሆነ (ያገለገለ ሳይክል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተልጧል ወይ ተቀብቷል) የኮርቻውን ዘንግ ነቅላችሁ እዩት። ታች ላይ ቁጥር ተቀርጿል፣ ከሌለ በካሊፐር ለኩት። የኮርቻው ቱቦ ከውጭ ብዙ ጊዜ 28.6 ሚሊ ስለሆነ ውስጡ የሚገባው ዘንግ የቱቦውን ውፍረት ያሳብቃል። 27.2 ከሆነ ቱቦው ስስ ነው ማለት ነው፣ ስስ የሆነው ደግሞ ብረቱ ጥሩ ስለሆነ ነው። 26.6 ወይም 26.8 ከሆነ መካከለኛ። 25.4 ከሆነ ቱቦው ወደ አንድ ሚሊ ተኩል የሚጠጋ ወፍራም ርካሽ ብረት ነው። ብስክሌተኞች ነን የሚሉት 25.4 ሲያዩ አፍንጫቸውን ይነፋሉ፣ እኔ ግን አልንቀውም፣ ባህር ዳር ሜዳ ላይ የሚነዳ 120 ኪሎ ሰው ቢጠይቀኝ ወፍራሙን ውሰድ ነው የምለው፣ ከባድ ነው ግን ሜዳ ላይ ምን ቸገረህ። እንጦጦን ሽቅብ የሚል ሰው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ጭራሽ የማልመክረው ሌላኛውን ጫፍ ነው፣ ለውድድር ተብሎ መሃሉ 0.4 ሚሊ ድረስ የሳሳ ፍሬም፣ እሱ ለ60 ኪሎ ልጅ የተሰፋ ሱሪ ነው።

የኔ ምርጫ ምንድነው ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሰሩ ባለ 26 ጎማ የተራራ ሳይክሎች፣ ክሮሞሊ የሆኑት፣ ፎርካቸውም ስፕሪንግ የሌለው ደረቅ ብረት የሆነ። ከውጭ ያገለገሉ ሆነው ከሚገቡት መሃል ይገኛሉ፣ ሻጩ ደግሞ ስፕሪንግ ያለውን አዲስ መሳይ ነገር በውድ ይሸጥና ይቺን "አሮጊት" ብሎ በርካሽ ይሰጥሃል። አትከራከረው።

ስለተሰበረችው ልንገራችሁ። የመጀመሪያዋ ሳይክሌ አዲስ ነበረች፣ የምታብረቀርቅ፣ ሃይ ቴን። ዘጠነኛ ወሯ ላይ ቀኝ ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር "ቀጭ" ማለት ጀመረች። ፔዳሉ መስሎኝ ፔዳል ቀየርኩ፣ ኩሽኔታው መስሎኝ ኩሽኔታ አስቀየርኩ፣ ቀጭ። አንድ ማታ ደጅ ላይ ገልብጬ በስልክ መብራት ሳያት ከፔዳሉ ቤት (ፔዳሉ የሚዞርበት በርሜል ማለቴ ነው) በስተጀርባ፣ በካቴናው በኩል፣ ብየዳው ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታክል ቡናማ መስመር አየሁ። ጭቃ መስላኝ በጥፍሬ ፋቅ አደረኳት፣ አልለቀቀችም። ፔዳሉን በእጄ ስጫነው መስመሯ አፏን ከፈተች፣ ስለቀው ዘጋች። የዝገት ውሃ እየወረደባት ነው ቡናማ የሆነችው። ያቺ ቦታ የምትሰነጠቀው ያለምክንያት አይደለም፣ የካቴናው ጉተታና የእግርህ ግፊት የሚገናኙት እዛው ነው፣ በደቂቃ 60 ዙር ብትረግጥ በሰዓት 3,600 ጊዜ ቀኝ እግር ብቻ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ቆመህ ሙሉ ኪሎህን ነው የምትጥልባት።

ወሰድኳት በአቅራቢያዬ ካለ ብየዳ ቤት። ሰውየው አይቶ "ይሄማ ቀላል ነው፣ ዳግመኛ እንዳይሰበር አድርጌ ነው የምሰራልህ" አለኝና ወፍራም ላሜራ ቆርጦ በኤሌክትሮድ ደረበበት። ሳየው እንደ ድልድይ ነበር፣ ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላት ልክ ላሜራው ያለቀበት ቦታ ላይ ተበጠሰች፣ ደግነቱ ቀስ ብዬ ነበር። ነገርዬው ሲገባኝ እንዲህ ነው፣ ቱቦው በሙሉ ርዝመቱ ትንሽ ትንሽ እየተጣጠፈ ጭንቁን ይካፈላል፣ አንዱን ቦታ ድርቅ ስታደርገው መተጣጠፉ ሁሉ የሚጠራቀመው ድርቁ ያለቀበት ጠርዝ ላይ ነው። በዛ ላይ የኤሌክትሮድ ብየዳ ለበርና ለመስኮት የሚሆን ነው፣ አንድ ሚሊ የማይሞላ ቱቦ ያቃጥላል ይበሳል።

ስለዚህ ብረት ፍሬም ይጠገናል፣ ግን በማን? በኦክስጅን፣ በካርባይድ ጋዝ፣ በነሃስ የሚበይድ ሰው ፈልጉ። ነሃሱ ቱቦውን ሳያቀልጠው መሃል ገብቶ ይይዘዋል፣ የድሮዎቹ ጥሩ ጥሩ ፍሬሞች መጀመሪያም የተሰሩት በዚህ መንገድ ነው። ሄዳችሁ "ወፍራም አድርግልኝ" አትበሉት፣ ስንጥቁ መጨረሻው ድረስ በሞረድ ይከፈት፣ ቀለሙና ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ይውጣ፣ ነሃሱም በሁለቱም በኩል እየሳሳ ይለቅ፣ ድንገት በገደል አይለቅ። ፎርክ ግን አይበየድም። ፎርክ ሲበጠስ የሚወድቀው ጥርስህ ነው፣ ሌላ ግዛ።

ያገለገለ ስትገዙ እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ከመሪው አንገት ስር፣ ወደ ፔዳል የሚወርደው ቱቦ ከአንገቱ በአራት ጣት ርቀት ላይ፣ አይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ዳብሱት። ሳይክሉ ከፊት ከግንብ ወይ ከመኪና ጋር ተላትሞ ከሆነ እዛ ጋ ትንሽ እብጠት ወይም እጥፋት ይኖራል፣ ቀለም ይደብቀዋል ጣት ግን አይሸወድም። ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ቀጥሎ ገልብጡትና የፔዳሉን ቤት ዙሪያ እዩ፣ ከዛ የኋላ አክስል የሚገባበትን ጆሮ፣ ርካሹ ላይ እሱ ቱቦው ተጨፍልቆ የተበየደበት ስስ ላሜራ ነው፣ ጥሩው ላይ ወፍራም ራሱን የቻለ ብረት ነው። ከዛ ኮርቻው የሚጠብቅበትን ቦታ፣ ቱቦው እንዲጠብቅ ተብሎ ሲሰራ የተሰነጠቀባትን ቀዳዳ ጫፍ በተለይ።

ስንጥቅ ይሁን የቀለም ጭረት ካልለያችሁ የድሮ የጋራዥ ዘዴ አለ። ቀለሙን ትንሽ ፋቅ አድርጉና ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ አስር ደቂቃ ጠብቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጉ፣ ከዛ ጠመኔ ፈጭታችሁ አቡኑበት። ስንጥቅ ከሆነ ውስጡ የገባው ጋዝ ተመልሶ ወጥቶ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ጭረት ከሆነ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። (ሲጋራ እያጨሳችሁ አይሆንም መቼም።)

ፍሬሙ ጠማማ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ የጋቢ መስፊያ ክር ይበቃል። የኋላ ጎማ ይውጣ፣ ክሩን አንዱ ጆሮ ላይ አስራችሁ ወደፊት ወስዳችሁ በመሪው አንገት አዙራችሁ መልሳችሁ ሌላኛው ጆሮ ላይ ወጥራችሁ እሰሩት። አሁን ከኮርቻው ቱቦ እስከ ክሩ በግራም በቀኝም በማስመሪያ ለኩ። እኩል ከሆነ ቀጥ ያለ ነው፣ አንድ ሁለት ሚሊ ልዩነት ምንም አይደለም፣ አምስት ሚሊ ከሆነ ጀርባው ተጣሟል። ሻጩ "ምን እያረክ ነው" ይላል፣ ዝም በሉት።

የፍሬም ልክ ላይ አትቆጥቡ። ሳይክሉ አንሶህ የኮርቻውን ዘንግ እስከ መጨረሻው ካወጣኸው ዘንጉ እንደ ዲጂኖ ነው የሚሰራው፣ 118 ኪሎ ዲጂኖ ጫፍ ላይ አስቀምጠህ የቱቦውን አፍ እየፈለቀቅክ ነው። ዘንጉ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ መስመር አለ፣ ቢያንስ እስከሱ ድረስ መግባት አለበት፣ እኔ ደግሞ ዘንጉ አግዳሚው ቱቦ ከተበየደበት ስር ወርዶ መግባቱን አረጋግጣለሁ፣ ውስጥ ያለው ባጠቃላይ ከ10 ሳንቲ እንዳያንስ። ዘንጉን ግራሶ ቀቡት፣ አሉሚኒየም ዘንግ ብረት ቱቦ ውስጥ ደረቁን ከከረመ ይጣበቃል፣ አንዴ ከተጣበቀ በመዶሻም አይወጣም።

አሁን ዋናውን ልናገር፣ ይሄ ሁሉ ስለ ፍሬም ካወራሁ በኋላ። ጥሩ ፍሬም ከያዝክ የሚከዳህ እሱ አይደለም፣ የኋላ ጎማው ነው። ቀና ብለህ ስትቀመጥ አብዛኛው ኪሎህ ያረፈው እዛ ላይ ነው። ማርሹ ሞዞው (ጎማው መሃል ላይ አክስሉ የሚያልፍበት በርሜል) ላይ እንደ ክዳን የሚጠመዘዝ አይነት ከሆነ (ስድስትና ሰባት ማርሽ ያላቸው ርካሾቹ እንደዛ ናቸው) በቀኝ በኩል ኩሽኔታው ከማርሾቹ ወዲህ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ አክስሉ ደግሞ ያለ ድጋፍ በማርሾቹ ውስጥ አልፎ እስከ ጆሮው ይዘልቃል፣ ያ ባዶ ርቀት ነው የሚጣመመው። ካሴት የሚባለው፣ ማርሾቹ ሳይጠመዘዙ ሞዞው ላይ ተንሸራተው የሚገቡበት ግን፣ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስለመደው፣ ኩሽኔታውን ወደ ጆሮው አስጠግቶታል። እኔ ካሴት ሞዞ ካስገባሁ ወዲህ አክስል ገዝቼ አላውቅም። ማርሽ የሌለው ሳይክል ከሆነ ግን ይሄ ጣጣ የለበትም። አክስላችሁ መጣመሙን ለማየት ጎማውን አውጡና ጫፍና ጫፉን ያዙ፣ በጣት አዙሩት፣ ጫፉ እየዞረ ክብ ከሰራ ተጣሟል።

ራጂ (ሞዞውን ከቸርኬው ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) ላይ፣ 36 ይሁን ቢያንስ ከኋላ። የድሮ የእንግሊዝ ባለ 28 ሳይክሎች ከፊት 32 ከኋላ 40 ነበር የሚደረግላቸው፣ ሰዎቹ ጆንያም ሰውም እንደሚጫን ገብቷቸዋል። ራጂ የሚበጠሰው ጭነት ስለበዛበት ይመስለናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ስለላላ ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ታች የደረሰው ራጂ ይላላል ሲወጣ ይወጠራል፣ ባለ 26 ጎማ በኪሎሜትር ወደ 480 ጊዜ ይዞራል፣ መጀመሪያውኑ የላላ ከሆነ ጭራሽ እየተንጓጠጠ አንገቱ ላይ ይቆረጣል። በወር አንዴ እንደ ክራር ክር አንድ ባንድ ንኳቸው፣ በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምጽ ማውጣት አለባቸው፣ "ዱፍ" የሚል ካለ እሱ ነው ወንጀለኛው። አንድ ራጂ ከተበጠሰ ቀይረው፣ ሶስት ከተበጠሰ ግን መቀየር ትተህ ጎማውን እንዳለ በአዲስ ራጂ አሰራው፣ የቀሩትም ደክመዋል።

ጎማ ሰፊ ይሁን፣ 2 ኢንች እና ከዛ በላይ። ንፋስ ከኋላ ከ50 እስከ 55 ፒ.ኤስ.አይ. እኔ ጋ ይመቸኛል፣ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ግን አትለፉ፣ ጎሚስታው ጋ ስትሄዱ ለመኪና እንደሚሞላው እንዳይሞላባችሁ ቁጥሩን እያያችሁ። ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ላይ ከኮርቻ ብድግ በሉ፣ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጋችሁ፣ ጉልበት ሸብረክ። ፍሬምም ቸርኬም ወገብም ይድናል። አዲስ ብሎን ሁሉ ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ይላላል፣ የፔዳሉን ክንድ በተለይ ድጋሚ አጥብቁ።

የቀረው ዝገት ነው። ክረምት ላይ ውሃ በኮርቻው ቱቦ ይገባና የፔዳሉ ቤት ውስጥ ይተኛል፣ ከውጭ ቀለሟ ያማረ ሳይክል ከውስጥ እየተበላች ነው። በዓመት አንዴ መስከረም ላይ ዘንጉን ነቅዬ እገለብጣታለሁ፣ ታች ያለችውን የውሃ መውጫ ቀዳዳ በሽቦ እከፍታለሁ (ከሌለ ትንሽዬ ይበሳላችሁ)፣ ከዛ ውስጡን ዘይት እቀባለሁ። የተቃጠለ ዘይትም ይሰራል ግን ይንጠባጠባል፣ እኔ የለመድኩት የተልባ ዘይት ነው፣ ቀስ ብሎ እንደ ቫርኒሽ ይደርቅና ይሸፍነዋል። ሁለት ማንኪያ በየቱቦው አፍ ጠብ አድርጌ ሳይክሏን እያገላበጥኩ አዳርሰዋለሁ፣ ሁለት ሶስት ቀን ደጅ ትደር። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትወረውሩ፣ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ተጠቅልሎ ከሆነ በራሱ ጊዜ እሳት ሊይዝ ይችላል፣ ገመድ ላይ ዘርጉት ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት።